ቫርኒሽ ሲበዛ የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ይታፈናል

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ከዋንዛ ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩ ማኅበራት አንድ ነገር እንዲያጤኑ እንፈልጋለን፤ ቫርኒሽ ዕቃውን ያስውባል፣ ሲበዛ ግን ድምፁን ያፍናል።

የአውታሩ ንዝረት በቆዳው በኩል ወደ ሳጥኑ ስስ እንጨት ይደርሳል። የደረቀ ቫርኒሽ ለእንጨቱ ክብደት ይጨምርበታል፤ ንዝረቱንም ይውጣል። እንጨቱ በሳሳ መጠን ጉዳቱ ይበልጣል። ጭራሽ ያልተቀባ እንጨት ደግሞ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅብ የእርጥበቱን መግባት ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. እንጨቱን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር በደንብ ማድረቅ፤ እርጥብ እንጨት አይቀባም።
2. በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ አቧራውን መጥረግ።
3. ቫርኒሹን አሳስቶ 1 ወይም 2 ጊዜ ብቻ መቀባት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም።
4. ቆዳውን ፈጽሞ አለመቀባት።

የልማት ሠራተኞች ይህን በተግባር ቢያሳዩ ይመረጣል። ከአንድ ዋንዛ ሁለት እኩል ስስ ጣውላ ቆርጦ አንዱን ብቻ ደጋግሞ መቀባት፤ ሲደርቅ ሁለቱንም በገመድ አንጠልጥሎ በጣት መምታት። ልዩነቱን የአባላቱ ጆሮ ይፈርደዋል።