«ሴት አትገዛም» የተባለው ሸቀጥ

በንግድ ዓለም ብዙ ገንዘብ ካሳጡ አነጋገሮች አንዱ «ይህን ዕቃ እነ እገሌ አይገዙትም» የሚለው ነው። አባባሉ ሲሰሙት ከልምድ የመጣ እውቀት ይመስላል። ዕቃው ለእነ እገሌ ታስቦ አይሠራም፤ ስላልተሠራላቸው አይገዙትም፤ ስላልገዙም ነጋዴው «ብዬ አልነበረም ወይ?» ይላል። ግምቱ በዚህ ዓይነት ራሱን በራሱ ሲያረጋግጥ ይኖራል። ያልተነካው ገበያም አንድ ደፋር እስኪመጣ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ነው። «ሴት ልጅ የቪዲዮ ጨዋታ አትወድም» የሚለው አስተያየት በዘርፉ ለዓመታት እንደ ሕግ ሲሠራበት ኖሯል። ዛሬ በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ከሚጫወቱት ሰዎች መካከል ከግማሽ በጥቂት ብቻ የሚያንሱት ሴቶች ናቸው። ለመሆኑ በመካከሉ ምን ተፈጠረ? ማን አተረፈ? ማንስ ከሰረ?

ነገሩ ከመብል ተጀመረ

እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን ጨዋታ ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖች የተደረደሩባቸው የጨዋታ ቤቶች በየከተማው እንደ አሸን ፈሉ። በማሽኖቹ ላይ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ተኩስ ነው፤ ደንበኞቹም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ናምኮ በተባለ ሌላ የጃፓን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ሚስተር ቶሩ ኢዋታኒ ይህን ተመልክተው አንድ የነጋዴ ጥያቄ ጠየቁ። ሴቶችና ጥንዶች ወደነዚህ ቤቶች እንዲገቡ የሚያደርግ ጨዋታ ምን ዓይነት ቢሆን ነው?

መልሳቸው «መብላት» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «ፓክ-ማን» አንድ ቁራሽ የተነሳለት ፒዛ የመሰለ ክብ ፍጥረት በጠባብ መንገዶች እየሮጠ ነጠብጣቦችን የሚለቅምበት ጨዋታ ነው። የሚተኮስበት ቁልፍ የለውም፤ ያለው አንድ እጀታ ብቻ ስለሆነ ጀማሪ በደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። የሚያሳድዱት መናፍስት እንኳ ከማስፈራት ይልቅ ፈገግ የሚያሰኙ ተደርገው በየቀለማቸው ተሣሉ። ጨዋታው ከጃፓን አልፎ ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የቀረበው «ሚዝ ፓክ-ማን» ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ማሽኖች ተሸጡለት።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ በአሜሪካው አታሪ ኩባንያ ሚስ ዶና ቤይሊ ከባልደረባቸው ከሚስተር ኤድ ሎግ ጋር ሆነው «ሴንቲፒድ»ን ሠሩ። በዚህ ጨዋታ ተኩስ አለ። ነገር ግን መቆጣጠሪያው በመዳፍ የሚንከባለል ኳስ ነው፤ ቀለሞቹም በጊዜው ከተለመደው ለየት ያሉ ነበሩ። ሴቶችም በብዛት ተጫወቱት። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ሴቶችን ያራቀው ተኩሱ ብቻ አለመሆኑን ነው። ማሽኑ ለማን ታስቦ እንደተሠራ ገዢዋ ገና ከሩቅ ታውቀው ነበር።

መደርደሪያው ለሁለት ተከፈለ

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ወደቀ። ጥራት የሌላቸው ጨዋታዎች ገበያውን አጥለቅልቀውት ስለነበር ሱቆች ዕቃውን ለማየት እንኳ ጠሉ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ መሣሪያውን ያቀረበው ከትንሽ ሮቦት ጋር አጣምሮ፣ እንደ ልጆች መጫወቻ አስመስሎ ነበር። ዘዴው ሠራ። ይሁንና የመጫወቻ ሱቅ መደርደሪያ የወንድና የሴት ተብሎ የተከፈለ ነው። የቪዲዮ ጨዋታው በወንዶቹ በኩል ተቀመጠ፤ ማስታወቂያውም ወደ ወንዶች ልጆች ዞረ። ቀድሞ «ፓክ-ማን» ያመጣቸው ሴት ደንበኞች ከነጋዴው ሒሳብ ወጡ።

በጃፓን ግን ሌላ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ኮኤይ የተባለውን ኩባንያ ከባለቤታቸው ጋር የመሠረቱት ሚሲስ ኬይኮ ኤሪካዋ ለሴቶች የሚሆን ጨዋታ በሴቶች እንዲሠራ ፈለጉ። ሩቢ ፓርቲ የሚባለው የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 «አንጀሊክ»ን አወጣ። ጨዋታው አንዲት ወጣት ለንግሥትነት ስትወዳደር የሚያጋጥማትን ውጣ ውረድና ፍቅር የሚያሳይ ነው። ከጨዋታው ጎን የድምፅ ድራማ ሲዲዎችና የሥዕል መጻሕፍት ተሸጡ። በጃፓን ዛሬም ድረስ የሚሠራበት «ኦቶሜ» የተባለው የጨዋታ ዓይነት መነሻው ይኸው ነው።

ሁለት ኩባንያዎች፣ ሁለት መንገዶች

በአሜሪካ ትልቁ ግብግብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የባርቢ አሻንጉሊት ባለቤት ማቴል በዚያ ዓመት «ባርቢ ፋሽን ዲዛይነር» የተባለውን ሲዲ ለገበያ አቀረበ። ልጅቷ በኮምፒውተር ላይ ልብስ ትነድፋለች፣ በማተሚያው ውስጥ በሚያልፍ ልዩ ጨርቅ ላይ ታትማለች፣ ከዚያም እቤቷ ያለችውን አሻንጉሊት ታለብሳለች። ሲዲው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከ500 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። «ይህ ጨዋታ አይደለም» ያሉ አልጠፉም። ሆኖም ዕቃው የሠራው ቀድሞ በልጅቷ እጅ ያለውን ጨዋታ መቀጠል ነው። የማቴል ስም ደግሞ በየሱቁ የታወቀ ስለሆነ ቦታ ለማግኘት ማንንም አልለመነም።

ሁለተኛዋ ኩባንያ ፐርፕል ሙን ትባላለች። መሥራቿ ዶክተር ብሬንዳ ሎሬል ናቸው። ኩባንያዋ የወጣችው ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ ሚስተር ፖል አለን በገንዘብ ይደግፉት ከነበረው ኢንተርቫል ሪሰርች ከተባለ የምርምር ተቋም ነው። ዶክተር ሎሬል አንድም ጨዋታ ከመሥራታቸው በፊት ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ጥናት ሲያካሂዱና ከ1 ሺህ በላይ ሕጻናትን ሲያነጋግሩ ቆዩ።

ጥናቱ ብዙዎች ያልጠበቁትን ነገር አወጣ። ልጃገረዶቹ ስለጊዜው ጨዋታዎች ያቀረቡት ዋና ቅሬታ አመጽ በዛባቸው የሚል አልነበረም፤ ይሰለቻሉ የሚል ነበር። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ሰዎች ታሪክ የላቸውም። ሞቶ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመርም አያጓጓም። ልጃገረዶቹ ማወቅ የሚፈልጉት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ለምን እንደተጣላና ነገሩ በምን እንደሚያልቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ሮኬትስ ኒው ስኩል» የተቀረጸው በዚህ መሠረት ነው። ሮኬት የተባለች ተማሪ አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አንድ ነገር ሲያጋጥማት ተጫዋቿ የሮኬትን ስሜት ትመርጥላታለች፤ ታሪኩም በምርጫው መሠረት ይሄዳል። ከዚህ በተጨማሪ ልጃገረዶች ፖስታ ካርድ የሚለዋወጡበት ድረ ገጽ ተከፈተ።

ክርክሩም አብሮ ተነሣ። «ለልጃገረዶች» ተብሎ የተለየ ሸቀጥ መሥራት በሩን መክፈት ነው ወይስ ሌላ አጥር ማጠር? የሚለው ጥያቄ ምሁራንን ለሁለት ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀስቲን ካሴልና በሄንሪ ጄንኪንስ አዘጋጅነት የታተመው «ከባርቢ እስከ ሞርታል ኮምባት» የተባለው መጽሐፍ የዚህ ክርክር ውጤት ነው።

ጥናቱ ደህና፣ ሒሳቡ ችግር

ፐርፕል ሙን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1999 ተዘጋች። ንብረቷን የገዛው ማን ነው ቢሉ ያው ተፎካካሪዋ ማቴል ነው።

ምን ነካት? ገዢዋን በሚገባ አውቃታለች። ያላገኘችው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ መደርደሪያ፣ ሌላው ጊዜ። በዚያን ዘመን ሶፍትዌር የሚሸጠው በሣጥን ታሽጎ በትላልቅ ሱቆች ነው። ሱቁ ቦታ የሚሰጠው ማስታወቂያ ላይ ብዙ ለሚያወጣና የታወቀ ስም ላለው ነው፤ ያልተሸጠውን ደግሞ ይመልሳል። ለልጃገረዶች የተመደበው ቦታ ጠባብ ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ባርቢ ይዛው ነበር። ዕቃ ይዞ ሱቅ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ መርካቶ ውስጥ ለዋለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ገንዘብ ያቀረቡትም ወገኖች ገበያው እስኪበስል አልጠበቁም።

ያሸነፈው ማቴልም ቢሆን ደስታው አልዘለቀም። በሶፍትዌር ንግድ የበለጠ ለመግፋት ሲል እ.ኤ.አ. በ1999 ለርኒንግ ካምፓኒ የተባለውን ድርጅት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት አክሲዮን ገዛ። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆኑ ነው። ድርጅቱ ወዲያው ኪሳራ ያስመዘግብ ጀመር። የማቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሚሲስ ጂል ባራድ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ማቴል ድርጅቱን በእጁ ጥሬ ገንዘብ ሳይቀበል፣ ወደፊት ከሚገኝ ትርፍ ድርሻ ለማግኘት ብቻ ተስማምቶ አስረከበ።

ከእሳት የተገኘ ሐሳብ

ፐርፕል ሙን በተዘጋች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000፣ «ዘ ሲምስ» ወጣ። የጨዋታው ፈልሳፊ ሚስተር ዊል ራይት ሐሳቡን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ በተነሳ ቃጠሎ ቤታቸው ከወደመ በኋላ ነው። ከእሳቱ በኋላ ቤት እንደገና ማቋቋምና ዕቃ መልሶ መግዛት ሲጀምሩ፣ ሰው ለኑሮው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሐሳቡን በማክሲስ ኩባንያ ውስጥ ሲያቀርቡት ግን «የአሻንጉሊት ቤት ማን ይገዛል?» በሚል ዓይነት ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠማቸው።

በ«ሲምስ» ውስጥ ጠላት የለም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለም። ተጫዋቹ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሰዎቹን ያበላል፣ ሥራ ይልካቸዋል፣ የወጪ ሒሳባቸውን ይከፍላል፣ ሲጣሉና ሲዋደዱ ያያል። የመጀመሪያው ሥራ ከወጣ በኋላ እስከ 2003 ድረስ ሰባት ተጨማሪ ጥቅሎች ተሸጡለት፤ ማለትም አንዴ የገዛ ደንበኛ ሰባት ጊዜ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 «ሲምስ» ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ እስከዚያ ድረስ ከወጡት የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ። ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ«ሲምስ» ሣጥን ላይ «ለሴቶች» የሚል ጽሑፍ አልነበረም። ዕቃው በዋናው መደርደሪያ ላይ ለሁሉም ተሸጠ። የፐርፕል ሙን ጥናት ያገኘው ነገር፣ ማለትም ሰዎች፣ ታሪክና ግንኙነት፣ በውስጡ ስለነበረ ሴቶቹ ራሳቸው መጡ።

መደርደሪያው ሲጠፋ

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ የሱቁን ቦታ ራሱን አስቀረው። ኪንግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 «ካንዲ ክራሽ ሳጋ»ን በመጀመሪያ በፌስቡክ፣ ቀጥሎም በስልክ ላይ አቀረበ። ጨዋታው በነፃ ይጀመራል፤ በአንድ እጅ ይሠራል፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ አንድ ዙር ያልቃል። ተጫዋቿ አምስት «ሕይወት» ይሰጣታል፤ ሲያልቅባት ወይ ትጠብቃለች ወይ ትከፍላለች። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል።

ይህም ቢሆን ለባለአክሲዮን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኪንግ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በ22 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሸጠው አክሲዮን በመጀመሪያው ቀን ወደ 19 ዶላር ወርዶ ዋለ። ገበያው የፈራው ገቢው ሁሉ በአንድ ጨዋታ ላይ መንጠልጠሉን ነው። ሆኖም አክቲቪዥን ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያውን በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። በአንድ አክሲዮን የከፈለው 18 ዶላር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የገዛ ባለአክሲዮን ገበያው ትክክል ሆኖለት ዋጋው አልቀናውም ማለት ነው።

ለነጋዴው ምን ይተርፋል?

ከላይ ያየናቸው ኩባንያዎች ውጤታቸው ይለያይ እንጂ የሚናገሩት ነገር ይቀራረባል። ሸቀጡን ሐምራዊ ቀብቶ «ይህ የሴቶች ነው» ማለት ብዙ አላስኬደም። ያስኬደው ገዢዋን ምን እንዳራቃት ጠይቆ ያንን ማንሳት ነው። ማሽኑን ቀላል ማድረግ፣ ለታሪኩ ሰው መስጠት፣ ሽንፈቱን ማለስለስ፣ ጊዜዋን ማክበር። እነዚህ ነገሮች ወንዶቹንም አላባረሩም፤ «ፓክ-ማን»ም «ሲምስ»ም የሁሉም ሆነው ነው ያተረፉት።

ሁለተኛው ነገር የመሸጫው መንገድ ነው። ፐርፕል ሙን የገዢዋን ልብ ይዛ መደርደሪያውን አጣች። ኪንግ ደግሞ መደርደሪያ የማይጠይቅ ዘመን ላይ ደረሰ። ጥሩ ጥናት ያለመሸጫ ቦታና ያለታጋሽ ካፒታል በባዶ ሜዳ መሮጥ ነው።

ዛሬም ቢሆን በየአገሩ የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ስለሆነም ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ መኖሩ አያጠራጥርም። አንባቢም በራሱ ንግድ ውስጥ «እነ እገሌ አይገዙትም» ብሎ የተወው ዕቃ ካለ፣ ይህን የነገረው ገዢው ራሱ ነው ወይስ ጎረቤት ነጋዴ? የሚለውን አንድ ጊዜ ቢያጣራ አይከፋም።