ቮን ጌቲንግ፦ ከሰፈር ተመራጭነት እስከ ዌልስ መንግሥት መሪነት

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ ከወደቡ ዳር፣ ቢዩትታውን የሚባል ሰፈር አለ። የድንጋይ ከሰል ንግድ በደራበት ዘመን በእንፋሎት መርከቦች ላይ እሳት ሲያነዱ የኖሩ የሶማሌና የየመን መርከበኞች ጎጆ የቀለሱት እዚህ ነው። የዌልስ ምክር ቤት ሴኔድም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። ጠበቃውን ቮን ጌቲንግን የሰፈሩ ሕዝብ በ2004 እ.ኤ.አ. መርጦ ወደ ካርዲፍ ከተማ ምክር ቤት ላካቸው። ከ20 ዓመት በኋላ የዌልስ መንግሥት የመጀመሪያው ጥቁር መሪ ሆኑ።

አቶ ጌቲንግ በ1974 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ተወለዱ። እናታቸው ዛምቢያዊት፣ አባታቸው ዌልሳዊ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ያደጉት በእንግሊዝ ሲሆን፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ዌልስ ተሻግረው በአበሪስትዊዝና በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሩ። ሴኔድ በ1999 ሥራ ሲጀምር በሁለት የምክር ቤት አባላት ዘንድ በጥናት ረዳትነት ተቀጠሩ። በ2001 ቶምፕሰንስ ወደተባለው፣ ለሠራተኞችና ለማኅበሮቻቸው ወደሚከራከር የጥብቅና ድርጅት ገቡ። ሙያቸው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነበር።

የከተማ ምክር ቤት አባልነት ከስሙ ይልቅ ሥራው ይከብዳል። በዌልስ ትምህርት ቤቶችን፣ የአረጋውያንን እንክብካቤ፣ ቆሻሻ ማንሣትንና የግንባታ ፈቃድን የሚያስተዳድሩት የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። ጣሪያው የሚያፈስበት፣ መንገዱ የጨለመበት ነዋሪ አቤት የሚለው ለሰፈሩ ተመራጭ ነው። ጠበቃ ደግሞ አቤቱታን ሰምቶ፣ የሚመለከተውን ደንብ አገላብጦ፣ ጉዳዩን በደብዳቤ ማስረዳት የዕለት ሥራው ስለሆነ ለዚህ ኃላፊነት እንግዳ አይሆንም።

አቶ ጌቲንግ በግንቦት 2011 ለሴኔድ ተመረጡ። ወንበሩን የተረከቡት ቀድሞ በረዳትነት ካገለገሏቸው ከሎሬይን ባሬት ነው። ጊዜውም ልዩ ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት የዌልስ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ 63.5 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ ምክር ቤቱ በተሰጡት ዘርፎች ሁሉ የለንደንን ይሁንታ ሳይጠብቅ ሕግ እንዲያወጣ ፈቅዶ ነበር። ጤና፣ ትምህርትና መኖሪያ ቤት በሥልጣኑ ሥር ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን ለለንደን የተተወ ስለሆነ፣ አቶ ጌቲንግ ለዓመታት የተከራከሩበትን ሕግ በካርዲፍ ተቀምጠው መለወጥ አይችሉም ነበር። በዚህ ፈንታ ከ2016 እስከ 2021 ጤናን፣ ከዚያም ኢኮኖሚን በሚኒስትርነት መሩ። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የዌልስ የጤና አገልግሎት ኃላፊነት በእጃቸው ነበር።

የሴኔድ መሰብሰቢያ አዳራሽ አሠራር የተመራጭን ኑሮ በግልጽ ያሳያል። ተመራጮቹ ከታች በክብ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ ሕዝቡ ከላይ በመስታወት አሻግሮ ያያቸዋል።

ያ የሕዝብ ዐይን በ2024 በረታባቸው። በመጋቢት የዌልስ ሌበር ፓርቲን የመሪነት ውድድር 51.7 በመቶ ድምፅ አግኝተው አሸንፈው የመንግሥት መሪ ሆኑ። ለውድድሩ ግን 200,000 ፓውንድ የለገሳቸው ኩባንያ ባለቤት ቀደም ሲል በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ጥሰት የተፈረደበት ሰው ነበር። አቶ ጌቲንግ ልገሳው ደንብን ተከትሎ የተደረገና በይፋ የተመዘገበ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ። ሴኔድ ግን በሰኔ ወር በ29 ለ27 ድምፅ እምነት ነሣቸው። ውሳኔው ከሥልጣን የሚያስወርድ አስገዳጅነት አልነበረውም። ሐምሌ 16 ቀን አራት የመንግሥታቸው አባላት በአንድ ቀን ሲለቁ እሳቸውም እንደሚለቁ አስታወቁ።

በችሎት ፊት «ደንቡን አክብሬአለሁ» ብሎ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ይረታል። ለመሪ ግን ይህ መልስ አይበቃውም፤ ሕዝብ ልገሳው ይፈቀድ እንደሆነ ከማወቅ አልፎ፣ መቀበሉ ይገባ እንደነበረ ይጠይቃል። ከሰፈር ተመራጭነት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚያቀና ጠበቃ ሁሉ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዘጋጀት አለበት።