ከግድግዳ ጋር የሚደረግ የኳስ ልምምድ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አንደኛው ወገኗ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው ወገኗ በኬንያ ግዛት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድና ከናይሮቢ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ የሚገናኙት በዚህች ከተማ ነው። በአካባቢዋ ደረቅ የአየር ጠባይ ስለሚያመዝን ሣር የለበሰ የስፖርት ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ግን በትምህርት ቤትም ሆነ በመኖሪያ ሰፈር አይጠፋም። ታዲያ ሜዳም አሠልጣኝም ያላገኘ አንድ የሞያሌ ተማሪ አዲስ የኳስ ጨዋታ ለመማር ቢፈልግ፣ ይህ ግድግዳ ምን ሊጠቅመው ይችላል? የሚከተለው ጽሑፍ ላክሮስ የተባለውን ጨዋታ በምሳሌነት ወስዶ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ የተወጠረበት በትር በመያዝ፣ ትንሽ ኳስ እየተቀባበሉ በተጋጣሚ ግብ ውስጥ ለማግባት የሚደረግ ጨዋታ ነው። ኳሱ ከድፍን ላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ ክብደቱ 145 ግራም፣ ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጨዋታውን የጀመሩት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሆዴኖሾኒ የተባሉት ሕዝቦች ላክሮስን ፈጣሪ የሰጣቸው ጨዋታ አድርገው እስከ ዛሬ ያከብሩታል። የአሁኑን ስም ያገኘው ከፈረንሳይኛ ቋንቋ ነው። በ1867 ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የተባለ የሞንትሪያል ከተማ የጥርስ ሐኪም ለጨዋታው የተጻፈ ደንብ አወጣለት። ከዚያም በ1904 በሴንት ሉዊስ፣ በ1908 ደግሞ በለንደን በተደረጉት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ለሜዳልያ ውድድር ቀረበ። ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክም እንደገና ተመርጧል።

ላክሮስ ለምሥራቅ አፍሪካ አዲስ ቢሆንም ፈጽሞ ያልታወቀ ጨዋታ አይደለም። በ2014 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ በተደረገው የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ዩጋንዳ ተካፋይ በመሆን ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ሆናለች። በ2019 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት በታች የሆኑ የኬንያ ልጃገረዶች በካናዳ በፒተርቦሮ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተሰልፈዋል። በዚያ ውድድር ሜዳው በዝናብ ርሶ ሳለ ኬንያውያኑ ታኬታ የሌለው ተራ ጫማ አድርገው ይጫወቱ ነበር። ይህን የተመለከቱት የእስራኤል ቡድን አባላት ታኬታ ጫማ ገዝተው አበረከቱላቸው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የመሣሪያ ጉድለት ያለበት ቡድንም ከዓለም መድረክ ሊደርስ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጫማ በስጦታ ሊገኝ ቢችልም፣ የእጅ ችሎታ ግን በስጦታ እንደማይገኝ ነው። የእጅ ችሎታ የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው።

በትርና ኳስ ለኢትዮጵያውያንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደሉም። በየዓመቱ የልደት በዓል ሲደርስ የሚደረገው የገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ በትር ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ነው። በባህሉ መሠረት በዚያ ቀን ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ሁሉም እኩል ይጋጠማል። ሆኖም በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ግልጽ ልዩነት አለ። በገና ጨዋታ ኳሱ በአብዛኛው በመሬት ላይ እየተመታ ሲሄድ፣ በላክሮስ ግን በመረቡ ተይዞ በአየር ላይ ይወረወራል፤ የሚቀበለውም ተጫዋች ከአየር ላይ በመረቡ ይቀልበዋል። ስለዚህ መወርወርና መቅለብ የላክሮስ ፊደል ናቸው ማለት ይቻላል። እነዚህን ያላወቀ ሰው በቡድን ውስጥ ቢገባም መጫወት አይችልም።

እነዚህን ሁለት ችሎታዎች ለብቻ ለመማር ከሚያስችሉት ዘዴዎች ሁሉ ቀላሉ ከግድግዳ ጋር መለማመድ ነው። ምክንያቱም ግድግዳው የተወረወረለትን ኳስ ወዲያውኑ ይመልሳል፤ አይደክምም፣ አይሰለችም፣ ቀጠሮም አያፈርስም። ጥቅሙን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ተማሪ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ቢወረውር በደቂቃ 20 ጊዜ፣ በ15 ደቂቃ ደግሞ 300 ጊዜ ይወረውራል ማለት ነው። ይህን በሳምንት ለስድስት ቀናት ቢያደርግ 1,800 ጊዜ ወርውሮ 1,800 ጊዜ ለመቅለብ ይሞክራል። ብዙ ተጫዋቾች አንድ ኳስ በሚካፈሉበት ሜዳ ላይ ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚሻለው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮት የሌለበት የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግንብ ነው። የጭቃ ግድግዳ ልስኑ ስለሚረግፍ፣ ቆርቆሮ ደግሞ ጎረቤትን ስለሚረብሽ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ግድግዳው የማንም ይሁን የማን ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። ድፍኑ የላስቲክ ኳስ ከባድ ስለ ሆነ ሕፃናት በሚጫወቱበት ወይም መንገደኛ በሚያልፍበት ስፍራ መወርወር አደጋ አለው፤ ፊትንና ዓይንን መከላከልም ግድ ነው። እንደ ሞያሌ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ የቀትር ፀሐይን ሸሽቶ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መለማመድ ይመረጣል።

ቀጥሎ በግድግዳው ላይ ከትከሻ ጥቂት ከፍ ብሎ በጠመኔ አንድ ክብ ምልክት ይደረጋል። ተለማማጁ ከግድግዳው አራት ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ቀኝ እጁን ወደ መረቡ አቅርቦ፣ ግራ እጁን በበትሩ ግርጌ አድርጎ ይይዛል፤ ግራ እግሩንም ወደ ፊት ያራምዳል። ሲወረውር የላይኛው እጅ ወደ ፊት ይገፋል፤ የታችኛው እጅ ወደ ራሱ ይስባል። በትሩ በዚህ ጊዜ የሚሠራው እንደ መፈንቅል ነው። ኳሱ ከመረቡ ቀድሞ ከወጣ ከምልክቱ በላይ፣ ዘግይቶ ከወጣ ደግሞ ከምልክቱ በታች ያርፋል። ስለዚህ ተለማማጁ ኳሱ ያረፈበትን ቦታ በማየት ስሕተቱን ራሱ ሊያውቅ ይችላል።

ኳሱ ሲመለስ የሚኖረው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በሰከንድ 16 ሜትር የሚጓዝ ኳስ ፍጥነቱ ባይቀንስ፣ አራት ሜትር ሄዶ አራት ሜትር ለመመለስ የሚፈጅበት ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓይን ኳሱን መከተል፣ እጅም በትሩን ማዘጋጀት አለበት። የሚመለሰውን ኳስ በኀይል ለመምታት መሞከር ስሕተት ነው፤ ይልቁንም ኳሱ መረቡን ሲነካ በትሩን ከኳሱ ጋር ጥቂት ወደ ኋላ መሳብ ይገባል። ኳሱ የሚቆምበት ጊዜ ሲረዝም በመረቡ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ስለሚቀንስ ነጥሮ አይወጣም። የሚመለስበት አቅጣጫም ሕግ አለው፤ ኳሱ ግድግዳውን በመታበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላው ወገን ይነጥራል። ፊት ለፊት የተወረወረ ኳስ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል፤ ወደ ጎን የተወረወረው ግን ያስሮጠዋል።

በዚህ ልምምድ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ደካማውን እጅ መተው ነው። በቀኝ እጅ 50 ጊዜ የወረወረ ሰው እጆቹን አቀያይሮ በግራም 50 ጊዜ መወርወር ይኖርበታል። መጀመሪያ ላይ ኳሱ እየወደቀ ያስቸግረዋል፤ ይሁን እንጂ በጨዋታ ላይ ተጋጣሚ የሚጠብቀው ያንኑ ደካማ ጎን መሆኑን ማስታወስ አለበት። ሁለተኛው ስሕተት ትክክለኛውን አኳኋን ሳይዙ መቸኮል ነው። ልማድ መልካሙንም ክፉውንም ያጸናል፤ በተሳሳተ አኳኋን አንድ ሺህ ጊዜ የወረወረ ሰው ያተረፈው ስሕተቱን ማጽናት ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከ50 ውርወራ ስንቱን በቀኝ፣ ስንቱን በግራ እንደ ቀለበ በደብተር መመዝገብ ይጠቅማል። ቁጥሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ከፍ ማለቱን ወይም አለማለቱን ያለ አድልዎ ይነግረዋል።

የላክሮስ በትር ያላገኘ ተማሪም ቢሆን ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። የቴኒስ ኳስ በአንድ እጅ ወደ ምልክቱ እየወረወረ በሌላው እጅ ቢቀልብ ዓይኑንና እጁን ያስማማል። የገና በትር ያለውም ኳሱን በመሬት ላይ ወደ ግንቡ ግርጌ እየመታ የሚመለሰውን በበትሩ ማቆም ይችላል። በዓለም የታወቁ ስፖርተኞችም ከዚህ ባልተሻለ መሣሪያ ጀምረዋል። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን (1908–2001) ክሪኬት በተባለው ጨዋታ እጅግ ስመ ጥር ነበር። ብራድማን በልጅነቱ ቦውራል በምትባል አነስተኛ ከተማ ሲኖር፣ በክሪኬት ችካል የጎልፍ ኳስ እየመታ በውኃ ታንከር ማስቀመጫ ግንብ ላይ ለብቻው ይለማመድ ነበር። ኳሷ ትንሽ፣ ችካሉም ቀጭን ስለ ሆነ ዓይኑና እጁ እጅግ ፈጣን ለመሆን ተገደዱ። በኋላም በአገሮች መካከል በሚደረገው ታላቅ የክሪኬት ውድድር ያስመዘገበው የ99.94 አማካይ ውጤት እስከ ዛሬ የሚደነቅ ሆኗል።

በሌላ በኩል የግድግዳን ጉድለት መዘንጋት አይገባም። ግድግዳ ተጋጣሚ ሆኖ አይገፋም፤ ጓደኛ ሆኖም ክፍት ቦታ ፈልጎ አይሮጥም። ኳስን መቼና ለማን ማቀበል እንደሚገባ የሚማሩት ከሰው ጋር በመጫወት ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ጋር የሚደረግ ልምምድ ለቡድን ጨዋታ መዘጋጃ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

በአጭሩ፣ የሜዳና የአሠልጣኝ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ሁሉ የሚዘጋ አይደለም። ግድግዳ የሚመልሰው የተሰጠውን ብቻ ነው። በጥንቃቄ ለወረወረ የሚያዝ ኳስ፣ በግዴለሽነት ለወረወረ የሚያስሮጥ ኳስ ይመልሳል። በየቀኑ 15 ደቂቃ ከግድግዳው ፊት የቆመ ወጣት፣ አንድ ቀን ጓደኞች ተሰባስበው ቡድን ሲያቋቁሙ የተዘጋጀ እጅ ይዞ ይቀርባል።