በጅማ ልጆች የተለካ መመዘኛ

ሳይኮሎጂ የሰውን ባህሪና የአእምሮውን አሠራር በዘዴ የሚያጠና ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ዊልሄልም ቩንት ላይፕሲግ ላይ ላቦራቶሪ ከከፈተ ወዲህ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኗል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማይቀበለው ሳይንስነቱን ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ስሄድ ሙያዬን የሰማ ተሳፋሪ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይለኛል። ልብ የሚያነብ ሙያ የለም። ባለሙያው የሚያውቀው ጠይቆ፣ ተመልክቶና ለክቶ የደረሰበትን ብቻ ነው። ከሳይካትሪ ጋር የሚያምታቱትም አሉ፤ ሳይካትሪስት መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ሲሆን፣ ሳይኮሎጂ ግን ታሞ የማያውቀውን ሰው ጭምር ያጠናል።

ለሳይንስነቱ ማስረጃ የሚሻ ጅማን ይመልከት። የሕፃናት እድገት የሚፈተሽበት ዴንቨር 2 የሚባል አሜሪካ የተሠራ መመዘኛ አለ። በእንቅስቃሴ፣ በእጅ ቅልጥፍና፣ በቋንቋና በማኅበራዊ ኑሮ የተከፈሉ 125 ተግባራት አሉት። ልጁ ትንንሽ ኩቦች ይደራርባል፣ ሥዕል እያየ ስም ይጠራል። በካርታ መጫወትና ለራስ ሲሪያል (በወተት የሚበላ የእህል ቁርስ) ማዘጋጀትም ከተግባራቱ መካከል ናቸው። ጅማ ዞን ውስጥ ሊሙ ገነት ያደገች የአራት ዓመት ልጅ ሲሪያል በዓይኗ አይታ ላታውቅ ትችላለች። «አልቻለችም» ተብሎ ቢመዘገብባት የተለካው አእምሮዋ ሳይሆን የቤቷ ጓዳ ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ተክሉ ገመቹና ብርሃኑ ንጉሤ ከአገር ውስጥና ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መመዘኛ ለጅማ ዞን አስተካከሉት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከ125ቱ ተግባራት 36ቱ መለወጥ ነበረባቸው፤ አብዛኞቹ የቋንቋና የማኅበራዊ ኑሮ ናቸው። መመዘኛው በአካባቢው በሚነገሩ ሁለት ቋንቋዎች ተተርጉሞና ተሞክሮ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከተወለዱ 4 ቀን ከሆናቸው ጀምሮ ስድስት ዓመት እስኪጠጉ ያሉ 1,597 ጤነኛ ልጆች ተፈተሹበት። ለእያንዳንዱ ተግባር ከልጆቹ ሩቡ፣ ግማሹ፣ ሦስት አራተኛውና 90 በመቶው በስንት ዕድሜ እንደሚችሉት ተሰላ። ከዚያ 90 በመቶው የሚችሉበት ዕድሜ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር በ42 ተግባራት ላይ ጉልህ ልዩነት ተገኘ። በአሜሪካው ሠንጠረዥ ብቻ ብንፈርድ ኖሮ በእነዚህ ተግባራት የጅማን ልጅ በተሳሳተ ዕድሜ እንጠብቀው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ተመራማሪዎቹ መመዘኛውን ራሱን መዘኑት። ለአንድ ዓይነት ቡና አንዱ ቀማሽ አንደኛ ደረጃ፣ ሌላው አምስተኛ ቢሰጡት ችግሩ ከቡናው አይደለም፤ ፈታኞችም እንዲሁ ናቸው። በ123 ተግባራት ላይ የፈታኞቹ ፍርድ እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ፈተናው ሲደገም ደግሞ 119ኙ ተግባራት አስተማማኝ ውጤት ሰጡ። ሳይኮሎጂን ከግምትና ከጥንቆላ የሚለየው ይህ ነው፤ ፍርዱን ለሌላ ሰው ፍተሻ ክፍት ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የጅማ ተመራማሪዎች በከፋ ድህነት የሚኖሩ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ቤቱ ድረስ በጨዋታ እንዲታገዝ አደረጉ። ዕጣው ለወግ የተጣለ አይደለም። ለውጥ ቢታይ ከጨዋታው እንጂ ከልጆቹ አመራረጥ አይደለም ለማለት የሚያስችለው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ድካም እያወቅሁ፣ የውጭ መጠይቅ በአንድ ሌሊት ተርጉመው ለተማሪ የሚያድሉ ሰዎችን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከስልክ ላይ ባገኙት አሥር ጥያቄ ጓደኛቸውን «ዝግ ነህ» የሚሉ፣ አንድ ፈተና አይተው ልጅን «ዘገምተኛ» ብለው የሚሰይሙ መምህራንም ሊያስቡበት ይገባል። ስም ከልጅ ጋር ያድጋል።

ስለዚህ አንድ ሰው በልጅዎ አእምሮ ላይ ሲፈርድ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መመዘኛው በየትኛው አገር ልጆች ተለካ? ሌላ ፈታኝ ቢያየው ያንኑ ይላል? ከሳምንት በኋላ ቢደገምስ? መልስ ከሌለው ፍርዱን ይዘው ወደ ቤት አይግቡ።