ደማችንን የሚያጣራው ወንፊት

በደባርቅና በዳባት ደጋ ወገቡን የቆረጠመው ሰው ብዙ ጊዜ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ይላል። ውድ አንባቢ፥ እርስዎም ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም። ነገር ግን ከሚያስፈሩት የኩላሊት ሕመሞች ብዙዎቹ ወገብን አያሙም፤ ብርድም አያመጣቸውም። ድምፅ ሳያሰሙ የሚጀምሩት በዐይን ከማይታይ ወንፊት ላይ ነው።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የደም ሥር ጥቅልሎች አሉ። በእነዚህ በኩል በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ይጣራል። አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባና ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ወንፊቱ ውሃን፥ ጨውንና ቆሻሻን ያሳልፋል፤ የደም ሕዋሳትንና አልቡሚን የተባለውን ጠቃሚ ፕሮቲን ግን ያስቀራል።

ወንፊቱ ሦስት ድርብ ነው። የውስጡ የደም ሥሩ ግድግዳ፥ የመካከሉ ስስ ሽፋን፥ የውጭው ደግሞ ፖዶሳይት የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። ፖዶሳይት በግሪክኛ «ባለእግር ሕዋስ» ማለት ነው። እግሮቻቸውም የሁለት እጆቻችንን ጣቶች እንደምናቆላልፍ ይቆላለፋሉ። አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አርባው እጅ ያህል ነው።

ታዲያ ይህን ክፍተት የሚጠብቀው ምንድን ነው? የፋሲል ግንብን ተጠግቶ የተመለከተ ሰው ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያያያዘው ኖራ መሆኑን ያውቃል። ሕዋሳትም እንዲሁ አያያዥ ፕሮቲኖች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ኔፍሪን ነው፤ ከወዲያና ከወዲህ እግር ተዘርግቶ በመካከል ይገናኛል። ስለዚህ ማያያዣም ማጥለያም ይሆናል። ኢንተግሪን የተባሉት ደግሞ እግሮቹን በስሱ ሽፋን ላይ ይተክላሉ። ኖራ ግዑዝ ነው፤ ኔፍሪን ግን ወደ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት እያስተላለፈ እግሮቹ ቅርጻቸውን እንዲጠብቁ ያደርጋል።

ኔፍሪንን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስታወቁት ካርል ትሪግቫሶንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ያገኙትም በፊንላንድ የሚበዛውን፥ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ፕሮቲን በሽንት የሚያፈሱበትን በሽታ ሲመረምሩ ነው። አንድ ጂን በመበላሸቱ ወንፊቱ በሙሉ ይፈርሳል።

ለእኛም የሚሆን ዜና አለ። ምንጫቸው ምዕራብ አፍሪካ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ የሚበዙ፥ ፖዶሳይትን ለጉዳት የሚያጋልጡ ሁለት የጂን ለውጦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህን አላገኘም። ነገር ግን በዚህ መዘናጋት አይገባም፤ የስኳር በሽታና የደም ግፊት የማንንም ወንፊት ይበሳሉ። የሞተ ፖዶሳይት ደግሞ በቀላሉ አይተካም።

አልቡሚን ውሃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይ ነው። እርሱ ሲያፈስ ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ ጧት የዐይን ቆብ ያብጣል፥ ማታ ጫማ ይጠብባል፥ ሽንትም እንደ ሳሙና ያረፋል። ይህን ያየ ሰው በብርድ አያሳብ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን አንዲት ጠባብ ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ታሳያለች።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መተካት ጀምሯል። ይሁን እንጂ ሌላ ኩላሊት ከመፈለግ በፊት ያለውን መጠበቅ ይቀላል፤ ጥበቃውም የሚጀምረው የደም ግፊትን፥ ስኳርንና ሽንትን በጊዜ ከማስመርመር ነው።