የብልጭታዋ ሳጥን

በውሃ የሚሄድ ሞተር ተሠራ የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሳል፤ የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ደግሞ ይበረታል። ከወሬው ጀርባ ብዙውን ጊዜ አንዲት ሳጥን አለች፤ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ፣ ከባትሪ 12 ቮልት ተቀብላ ካንዴላው ጫፍ ላይ መብረቅ የምታስነሳ ፓወር ሰፕላይ። ውስጧ ያለውን ዕቃ ከአዲስ አበባው ቦሌ ብራስ እስከ ጎሮ ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አብዛኛውን ያውቀዋል። ውሃውን ለጊዜው ትተን ከእሷ ጋር እንተዋወቅ።

መነሻዋ ተራው ኮይል ነው። በድሮዎቹ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ላይ አሠራሩ በዓይን ይታይ ነበር። ኮይሉ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና ከወፍራሙ መቶ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ዙር ያለው። ፕላቲን የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ሲገጥም ወፍራሙ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዙሪያው መግነጢስ ይሆናል። ፕላቲኑ ድንገት ሲላቀቅ መግነጢሱ ይፈርስና ቀጭኑ ሽቦ ላይ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ይፈጠራል። ቻርልስ ኬተሪንግ ይህን ዘዴ ለ1912ቱ (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ ካበጀው ወዲህ ፕላቲኑን ትራንዚስተር ተካው እንጂ መርሁ ያው ነው። ቮልቱ ያስፈራል፤ ጉልበቱ ግን ኢምንት ነው። አንድ ብልጭታ 50 ሚሊጁል ገደማ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 ብልጭታ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ 5 ዋት ነው።

የውሃ ሞተር ሞካሪዎች ይህ አነሰን ብለው ሁለተኛ መንገድ ይጨምራሉ። ኢንቨርተር 12 ቮልቱን ወደ 220 ያደርሰዋል፣ አራት ዳዮዶች ያቀኑታል፣ ካፓሲተሩ እስከ 311 ቮልት ይሞላል። ኮይሉ አየሩን በስቶ መንገድ ሲከፍት ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያፈስሳል፤ የኮይሉ ቮልት ወደ ኋላ ተመልሶ ካፓሲተሩን እንዳይበሳው በመካከል ከፍተኛ ቮልት የሚችል ዳዮድ ይቆማል። የ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ጁል ያህል ይይዛል፤ ከተራው ብልጭታ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ካንዴላው ላይ ውሃ ጠብ ሲደረግ ነጭ ብርሃን ይፈነጥቃል፣ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ይወጣል፣ ጉም ይበተናል። ውሃው ነደደ ያሰኛል።

አልነደደም። ያ ድምፅ የካፓሲተሩ ጉልበት ነው። 5ቱም ጁል ለውሃው ብቻ ቢውል እንኳ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊለይ የሚችለው የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ገደማ ነው። የአንዲት ቪትዝ ሲሊንደር ግን በአንድ ምት የሚያቃጥለው ቤንዚን ብዙ መቶ ጁል ይሰጣል። (ሳጥኗ ሰው የመግደል አቅም ግን አላት። ካፓሲተሩ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ቮልቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ጫፎቹን የሚያገናኝ፣ ቀስ እያለ የሚያራግፈው ሬዚስተር ሊኖረው ይገባል። ሳይለኩ መንካት የለም፤ ሲለኩም አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ማድረግ የቆየ የሙያው ልማድ ነው።)

ሌሎች ደግሞ ውሃውን አስቀድመው በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያሉ። ይህ እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ኒኮልሰንና ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1800 ለንደን ውስጥ አድርገውታል። ሒሳቡ ነው የማያዋጣው። አንድ ሊትር ውሃ ለመለየት ቢያንስ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተግባር ወደ 6 ይጠጋል። የወጣው ጋዝ ሞተር ውስጥ ሲነድ 3.7 ያህል ይመልሳል፣ ሞተሩ ከዚያ ላይ አብዛኛውን በሙቀት ያባክንና 1 ገደማ ለጎማ ይተርፋል። የተሞላ የ60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢራገፍ የሚለየው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደግሞ የሚዞረው በዚያው ሞተር ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ሃይድሮጅን ለመቀጣጠል 0.02 ሚሊጁል ይበቃዋል፤ ቤንዚን ከሚፈልገው ዝቅተኛ መጠን አንድ አሥረኛ ገደማ። ነዳጁ በእርግጥ ሃይድሮጅን ከሆነ የላዳው ኮይል ይተርፈዋል፤ ያ ሁሉ ካፓሲተር ለምን?

በዚህ ተስፋ ገንዘብ የከሰሩ አሉ። አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር በውሃ የሚሄድ መኪና አለኝ ብሎ ከሁለት ባለሀብቶች ገንዘብ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት የሠራውን ዕቃ በባለሙያ አስመርምሮ ተራ ውሃ መለያ መሆኑን አረጋገጠ፣ ድርጊቱን ማጭበርበር ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ለተመሳሳይ መኪና አጨብጭበዋል።

አዲስ አበባ ላይ ያለ ቤንዚን የመሄድ ጥያቄው በሌላ በኩል መልስ እያገኘ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ፤ የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። የግድቡ ኤሌክትሪክ ውሃ ለመለየት ከሚውል በቀጥታ የመኪና ባትሪ ቢሞላ አብዛኛው ጎማ ድረስ ይዘልቃል።

ሳጥኗ ግን፣ ትልቁ ካፓሲተር ወጥቶላት፣ ለጋራዥ ጥሩ የኮይልና የካንዴላ መፈተሻ ትሆናለች። ሲፈተሽ ግን ከፍታው መታሰብ አለበት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ከጅቡቲው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ ደጅ ላይ ሲሞከር ደህና የመሰለ ኮይል ሲሊንደር ውስጥ፣ አየሩ ብዙ እጥፍ በታመቀበት፣ ሊደክም ይችላል። የመፈተሻው ክፍተት ካንዴላው ላይ ካለው በርካታ እጥፍ ሰፍቶ መሞከር አለበት።