ቮልስ በጭላሎ ግርጌ

ለዓመታት የቆመ ቮልስ ሲገኝ ብዙ ሰው የሚቸኩለው አዲስ ባትሪ ገጥሞ ለማስነሳት፣ እምቢ ካለም ለመግፋት ነው። ሞተሩን የሚገድለው ይህ ችኮላ ነው። ፒስተኑ ከአልሙኒየም፣ ሲሊንደሩ ከብረት የተሠራ ነው። በአርሲ ደጋ ክረምት እርጥበት በማርሚታው በኩል ገብቶ ሲሊንደሩን ሲያዝገው፣ ዝገቱ ከበላው ብረት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ በሁለቱ መካከል ያለችውን ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት ይዘጋታል። በግድ ሲዞር የፒስተኑ ቀለበቶች ይሰበራሉ።

ጥሩ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ቀጭን ዘይት ይጨምራል። የቮልስ ሲሊንደሮች የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይቱ ታች ታቹን ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመርና ቀናት መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ማወዛወዝ ነው።

ከኋላ ወንበር ሥርም መታየት አለበት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ የወለሉን ላሜራ ቀድሞ ይበላዋል። በስቱኮ መሸፈን ማታለል ነው፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት።

ድካሙ ለዚህ መኪና ይገባዋል እላለሁ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የፖርሽን ስም የያዘው የመጀመሪያው ስፖርት መኪና፣ 356፣ የተሠራው በቮልስ ሞተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈውም ቮልስ ነው። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥቷል። በአገራችን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉንን ካላዳንን ምትክ የለም።

እንግዲህ ሞተሩ ተነሳ እንበል፤ ግን ጭሱ ጠቆረ፣ ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ። ምክንያቱ ከፍታው ነው፦ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለችው አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ በሳበ ቁጥር የሚገባው የአየር ይዘት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን በሩብ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቤንዚኑን የሚስበው የግፊት ልዩነት ነው፤ የቤንዚኑም ፍሰት የሚከተለው የዚያን ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው። አየሩ በ25 በመቶ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በ13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርስ የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ አሰላ ላይ 12.7 ኪሎ ያህል ብቻ ያደርስለታል።

አሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረሥላሴም ሆነ የበቆጂ ሯጮች በሳሳ አየር ሲኖሩ ሰውነታቸው ቀይ የደም ሴል አብዝቶ ይካካሳል። ካርቡሬተር ግን የሰው እጅ ይፈልጋል። ቤንዚን የምታሳልፈው የናስ ቁራጭ ቀዳዳ 1.3 ሚሊሜትር ከነበረች ወደ 1.2 ገደማ ማጥበብ ነው።

ከዚያ በላይ ማጥበብ አደገኛ ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ቮልስ ደግሞ ውሃ የለውም፣ የሚያቀዘቅዘው ያው የሳሳው አየር ነው። ለአሰላ ልክ የሆነ ድብልቅ ወደ አዳማ ሲወረድ አየሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ቤንዚን ያንሰዋል። ይህን መንገድ ለሚመላለስ ቮልስ አሰላ ላይ ቤንዚኑን ትንሽ አብዝቶ መተው ይሻላል። አዳማ ሲደረስ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ማየት ነው፦ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጣ ቀዳዳዋ ከልክ በላይ ጠብባለች።